የጋሽ ደምሴ ባርኔጣና መስኮት የሌለው ቤት

ከአርሲ ነገሌ የተነሣሁት በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ለጎረቤት የተነገረው የጉዞ ምክንያት ሌላ፣ በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነበር። ለጎረቤት የተነገረው፣ የሟች ባለቤቴን ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴን አዳማ ዓይን ሐኪም ጋ አደርሳለሁ የሚል ነው። በሆዴ የያዝኩት ግን አንድ ቤት በዓይኔ ማየት ነበር፤ ሐዲድ ዳር የቆመ፣ መስኮት የሌለው ቤት።

ልጄ አዜብ የምትሠራው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ ተምራ የባቡር ሥራ ከገባች ቆይታለች። ሥራሽ ምንድን ነው ስላት፣ «ኃይል ላይ ነኝ እማዬ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች። እኔንም ትመስላለች፤ ብዙ አልጠይቅም፣ ብዙ አላወራም። ጣጣው የመጣው በማኅበር ቀን ነው። ጋሽ ደምሴ አዳማ ደርሶ ከመጣ ሰው የሰሙትን ይዘው ከሰው መሀል፣ «የታደለች ልጅ እኮ መስኮት የሌለው ቤት ነው የምትጠብቀው። ለዘበኝነት ደግሞ ኮሌጅ ምን ያደርጋል?» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም አፌ አመለጠኝና፣ «ልጄ ባቡር የምታቆም ሰው ናት!» አልኩ። ሰው የባሰ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ገበያ ውስጥ ባለጋሪው ሁሉ ሲያየኝ፣ «እትዬ ታደለች፣ ባቡሩን አቆማችሁት?» እያለ ያልፋል። እውነት ልጄ ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ትክክል ከሆኑ እስክሞት ይህንኑ ስሰማ ልኖር ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልናገር። ጋሽ ደምሴን «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው አስተዳደጌ ይዞኝ ነው እንጂ፣ በሆዴ እንደዚያ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ፣ የእህል ሱቃችን በር ላይ ያንጠለጠልኩትን ጓጉንቸር በመዶሻ ሰብረው የራሳቸውን ጓጉንቸር አንጠለጠሉበት። «የወንድሜ ነው» አሉ። አዜብ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ቀሚሴን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ሱቁን በፍርድ ቤት አስመልሻለሁ። የዚያን መዶሻ ድምፅ ግን ከጆሮዬ የሚያወጣ ፍርድ ቤት አላገኘሁም።

ታዲያ ለምን ይዘሻቸው ሄድሽ የሚለኝ አለ። ልጆቻቸው ሥራ በዛብን አሉ፤ ሚስታቸው እትዬ አስካለ መጥተው ለመኑኝ። እትዬ አስካለን እወዳለሁ። እሺ አልኩ፣ በአንድ ስምምነት፦ ከሐኪሙ በፊት ልጄ ሥራ ቦታ እንሄዳለን። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የሚስቁበት ነገር ሊያዩ ነዋ።

ከነገሌ እስከ መቂ

መናኸሪያ የደረስነው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ረዳቱ ከታሪፉ ላይ ጨምሮ ጠራ፤ ተከራክሬ በታሪፉ አስገባሁት። ጋሽ ደምሴ ጋቢና ካልሆነ አልሄድም አሉ። ግራጫ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ነው፤ ጓጉንቸሬን የሰበሩ ቀን ያደረጉት ያው ባርኔጣ ነው፣ አልተለወጠም።

«አባባ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁልን» አለ ሹፌሩ። «በእርስዎ በኩል ያለው መስታወት አልታየኝም።»

«አንተ ፊት ፊቱን እያየህ ንዳ። ከኋላ ማን ያሳድድሃል?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሰው ማሳቅን እግዜር አልነፈጋቸውም፤ ይህን እንኳ እመሰክራለሁ።

መንገዱ ያምር ነበር። ጤፉ ወደ ብጫ መዞር ጀምሯል። በቀኝ በኩል ላንጋኖ እንደ ሻይ በወተት ሆኖ ተኝቷል፤ በግራ አብያታ ርቆ ያብለጨልጫል። ከቡልቡላ እስከ አዳሚ ቱሉ ግራሮቹ ሥር ፍየሎች ጥላ ይሻማሉ። እኔ በዚህ መንገድ የማልፈው ወይ ለለቅሶ ወይ ለፍርድ ቤት ነበር። እንዲህ መስኮት ከፍቼ ተደግፌ ያየሁት ገና አሁን ነው። ጭኖቼ ላይ ለአዜብ የያዝኩት ጭኮ አለ፤ በሶው ከቅቤው ጋር ሌሊቱን ተዋህዶ፣ በክዳኑ በኩል ሽታው ይወጣል። ከጎኔ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ደጋግማ አየችው። ከፍቼ ቆንጥሬ ሰጠኋት፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚሉት፣ ቁርስ በላን። የአሣ ጥብስ ትኩሱን ከቃሪያ ጋር አመጡልን። ጋሽ ደምሴ አጥንቱን ለይተው ማየት ስላቃታቸው እኔ ለቀምኩላቸው። ጎረሱና፣ «ልጅሽ ግን ያንን ቤት ስትጠብቅ ዱላ ሰጥተዋታል ወይስ ጠመንጃ?» አሉኝ። የሚቀጥለውን አጥንት ትቼላቸው ነበር። እንደገና አነሣሁት። ሚስታቸውን አስቤ ነው።

መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ አየሁ። ስመለስ እገዛለሁ ብዬ ቦታውን በዓይኔ ያዝኩ።

ሞጆ

ሞጆ ከመድረሳችን በፊት ሽታው ደረሰብን፤ የቆዳው ፋብሪካ ነው። ከባድ መኪኖች እንደ ከብት ተሰልፈው ቆመዋል። ከደረቅ ወደቡ በኩል ኮንቴይነሮች በቀለም በቀለም ተደራርበው ይታያሉ።

ሐዲዱንም ያየሁት እዚያ ነው። ከሐዲዱ በላይ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ ሽቦ አለ፤ ቀጥ ብሎ እስከ ዓይን ማለቂያ ይሄዳል። ባቡሩ ነዳጅ አያውቅም፤ ኃይሉን የሚጠጣው ከዚያ ሽቦ ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ በአጥር የተከበቡ ትንንሽ ግራጫ ቤቶች ቆመዋል። ጭስ የለ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ የለ፣ በር ላይ የሚቆም ሰው የለ።

«ያውልሽ!» አሉ ጋሽ ደምሴ ከጋቢና ዞረው። የደበዘዘ ዓይናቸው ይህችን ጊዜ እንዴት እንዳየች እንጃ። «የዶሮ ቤት ያህላል እኮ። ባቡሩን በምን ታቆመዋለች፣ በእንቁላል?»

መኪናው ሳቀ። ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር ሳቀች፣ ያውም ጭኮዬን በልታ። የጭኮውን ክዳን ጠበቅ አድርጌ ገጠምኩ፤ ቤቱ እውነትም ትንሽ ነው።

አዳማ፣ ባርኔጣው የበረረበት ቦታ

አዳማ ስንወርድ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል፤ ነፋሱ ደግሞ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሊወስድ ይታገላል። የአዳማ ነፋስ ቀልድ አያውቅም፤ ኮረብታው ላይ እነዚያን ረጃጅም ተርባይኖች ያቆሙት አለነገር አይደለም። ባጃጅ ተኮናተርን። መንገዳችን በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ነበር፦ ቆርቆሮው የዛገ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር መጥቼ እዚያ ጥላ ሥር ፓፓያ በልቻለሁ። ያ ቤት ሰው ተቀምጦ እንዲጠብቅበት የተሠራ ነው። አዲሶቹ ለማን ነው የተሠሩት እያልኩ ከከተማ ወጣን።

በወለንጪቲ በኩል ትንሽ ሄደን ወደ ሐዲዱ የሚያስገባውን የአፈር መንገድ ያዝን። አፈሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ባጃጁ ጎማው ጠለቀና ቆመ። ባለባጃጁ ቢያስነሳው እየባሰ ጠለቀ። በዚህ መሀል ከሐዲዱ በኩል ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ሪዙን ያሳደገ ሰው ብቻውን ሲመጣ አየን። ወገቡ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«አካም ጅርቱ አባ፣ አካም ጅርቱ ሃዳ» ብሎ ሁለታችንንም ሰላም አለን፤ እኛም በኦሮምኛ መለስን። ሳንለምነው ትከሻውን ሰጥቶ ባጃጁን ገፋ። ሲወጣ ጋሽ ደምሴ ለማመስገን አንገታቸውን አወጡ። ነፋሱ ባርኔጣቸውን አንሥቶ ይዞት ሄደ።

እንዴት እንደበረረ! አንዴ መሬት እየነካ፣ አንዴ እየዘለለ፣ የተቆጣ ዶሮ መስሎ ወደ ሐዲዱ ሸሸ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ጅቡቲ ግባ» አልኩት በልቤ።

«ጉርባ! ባርኔጣዬን!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደምሴ። ሪዛም ጎልማሳ «አንተ ልጅ» ሲባል ይታያችሁ።

«አባ፣ እዚያ ቤት በቶሎ መድረስ አለብኝ» አለ ሰውየው እኛ ወደምንሄድበት እየጠቆመ። «ሥራ ጨርሰን እየጠበቁኝ ነው።»

«ቤቱ ይሸሻል? ባርኔጣው ነው የሚሸሸው። አባትህ ቢሆን እንዲህ ትለዋለህ?»

በዚህ ቃል ያልተያዘ ሰው እዚህ አገር የለም። ሰውየው ቤቱን አየ፣ የጋሽ ደምሴን ራሰ በራ አየ፣ «እሺ አባ» ብሎ ባርኔጣውን ተከትሎ ሮጠ። እኛ በባጃጁ ቀደምን። ባርኔጣውን እዚያ ያመጣልኛል ብለው ጋሽ ደምሴ ተዝናንተዋል።

አጥሩ ጋ

ቤቱ ከሞጆዎቹ ይበልጣል። በስተጀርባው ግዙፍ ትራንስፎርመሮች፣ እንደ ሳህን የተደራረቡ ሸክላዎች፣ ከሩቅ ከትልቁ መስመር የሚመጡ ሽቦዎች አሉ። ሁሉም በአጥር ተከቧል፤ አጥሩ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ። መስኮት የለውም። እውነት ነው፣ አንድም የለውም።

ጥበቃው አናስገባም አለን። ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች በሩ አጠገብ መሣሪያቸውን መኪና ላይ ጭነው ቆመዋል። አዜብ ቢጫ የራስ ቁር አድርጋ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቶቼን ያዘች።

«እማዬ! ጋሼ! ምነው ሳትደውሉ?»

«ቤቱን ሊያሳዩኝ ነው ያመጡኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በይ ክፈቺና ግቢ በይን።»

«እዚህ ማንም አይገባም ጋሼ። እኔም አሁን ከዚህ መራቅ አልችልም።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? ዘበኛ አላልኩሽም?»

ጭኮውን በአጥሩ ሥር አሳለፍኩላት። ተቀበለችና ሳትከፍተው መሬት ላይ አስቀመጠችው። አዜብ ጭኮ ይዛ ሳትከፍት ስታስቀምጥ አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሽቦው ላይ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «ሲወጡ ኃይሉን እዚህ አጠፋሁላቸው። የቡድን መሪዎቹ ሁለቱም ማብሪያው ላይ የየራሳቸውን ጓጉንቸር አንጠልጥለው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ሁለቱም መጥተው በእጃቸው ካልፈቱ ኃይሉ አይለቀቅም። አንዱ ፈትቷል። አንዱ ቀርቷል። ስልኩ እዚህ መኪና ውስጥ ነው የሚጮኸው። ከመቆጣጠሪያው አሥር ጊዜ ደወሉ፤ ጭነት ባቡር በሞጆ በኩል ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አልኩ።

«እኔን» አለች፣ ልክ ዝናብ መጣ እንደሚባል ነገር።

ጋሽ ደምሴን አላየኋቸውም። ቀና ብዬ ባያቸው ፊቴ ይናገርብኝ ነበር። ሰማይ የሚያክል ደስታዬን ዋጥኩት።

ወዲያው ፒክአፕ መጣና አንድ ወፍራም ሰው ወረደ፤ አለቃዋ ነው። «አዜብ፣ ምን ያዘን?» አላት። «ቶላ አልተመለሰም» አለችው። እጇን ሳይጠመዝዝ፣ ድምፁን ሳያሳድግ፣ «እንግዲህ እንጠብቃለን» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ መንገድ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ሪዝ ያለው ሰው አላያችሁም?»

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ተርባይኖቹ አዞሩ። እዚያ ምን እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ።

«አይተነዋል» አልኩ። «ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን እንዲያመጣ ልከውታል።»

ሠራተኞቹ በአንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ መኪናውን ተደግፎ፣ «የጅቡቲ ባቡር በባርኔጣ ቆመ!» እያለ ሆዱን ያዘ። አለቃው ሳይቀር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አዜብ ግን አልሳቀችም።

ጋሽ ደምሴ ተናደዱ። «ምን ያስቃል? ሰውየው ሽቦ ላይ እንዳልሆነ ታወቀ አይደል? ባርኔጣዬን ይዞ በሜዳው እየመጣ ነው። ለአንድ ጓጉንቸር ይህ ሁሉ! መዶሻ የላችሁም? ስበሩትና ባቡሩ ይሂድ!»

መዶሻ። ያ ድምፅ እንደገና ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ብረት በብረት ላይ፣ ሦስት ጊዜ። አጥሩን ያዝኩ።

አዜብ ቁሯን ከግንባሯ ከፍ አድርጋ ጋሽ ደምሴን አየቻቸው። «ጋሼ» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እኔ የሰው ጓጉንቸር አልሰብርም። ሲሰበር አይቻለሁ።»

ባለፉት ዓመታት ሁሉ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተንፍሳልኝ አታውቅም። ረስታዋለች ብዬ እጽናና ነበር። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ ባርኔጣው የለም። ያለ ባርኔጣ ራሳቸው እንዴት ትንሽ ነው!

ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን። አለቃው ድንጋዩ ላይ፣ ሠራተኞቹ መኪናው ጥላ ሥር፣ ባቡሩ በሞጆ በኩል። ጋሽ ደምሴ ከአጥሩ አጠገብ ያለችውን ግራር ተደግፈው ቆሙ፤ እኔን ከራሴ ሱቅ ደጃፍ ያቆሙኝን ያህል ባይሆንም ቆሙ።

ቶላ የመጣው በሜዳው በኩል አይደለም። በሐዲዱ በኩል ነው የመጣው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቅባት ነክቶታል።

«የት ሄደህ ነው?» አለ አለቃው ተነሥቶ።

«ነፋሱ ምሰሶው ላይ፣ ሽቦው ሥር ሰቀለው» አለ ቶላ እየሳቀ። «ወጥቼ አወረድኩት። ቁልፌ እኔ ጋ አይደል? ኃይል እንደማይኖር አውቃለሁ።»

የሳቀለት ሰው የለም። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃው ብቻህን ለምን ወጣህ ብሎ ጮኸበት፣ ከዚያ አቀፈው። እኔ አዜብን አየሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ጋሽ ደምሴ ከግራሯ ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። መዶሻ ተገኝቶ ኃይሉ ተለቆ ቢሆን ኖሮ! ማንም ይህን አልተናገረውም፤ ሁሉም ግን ገብቶታል።

«አባ፣ ባርኔጣዎ» አለ ቶላ። ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ተቀበሉ። ጭንቅላታቸው ላይ አላደረጉትም። ከዚያ የቶላን እጅ ይዘው ሳሙ፤ እኔ እዚህ ቤተሰብ ከገባሁ ጀምሮ ሲያደርጉት ያላየሁትን።

ቶላ ገብቶ ጓጉንቸሩን ፈታ። አዜብ ስልክ አነሣች፣ የሆነ ነገር ተናገረች፣ የተባለችውን ደግማ አረጋገጠች። ከቤቱ ውስጥ «ዷ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ትራንስፎርመሮቹ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመሩ። ሥራዋ እስኪያልቅ ጠበቅናት። ከዚያ አጥሩ ጋ ተመልሳ ጭኮውን ከፈተችና በጣቷ እየቆነጠረች አስረዳችኝ፦ ይህ ቤት ከትልቁ መስመር የሚመጣውን ኃይል ባቡሩ በሚችለው ልክ አድርጎ ይሰጣል፤ ያየኋቸው ትንንሾቹ መስመሩን ከፋፍለው ይይዛሉ፣ አንዱ ጋ ብልሽት ቢመጣ ሌላው እንዳይጠፋ፤ ሌሎቹ ደግሞ የመብራት ምልክቶቹን የሚያዝዙ ናቸው፣ ሁለት ባቡር እንዳይገናኝ።

«መስኮትስ?» አልኳት።

«አቧራው ዕቃዎቹን ይገድላቸዋል እማዬ። ውስጥ ያለው ነገር ውጪ ማየት አያስፈልገውም።»

ይህንን ስንነጋገር ባቡሩ መጣ። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ተከታትሎ፣ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ እንደሚጎተት ጨርቅ ያለ ድምፅ ብቻ እያሰማ አለፈ። ሹፌሩ ፊሽካውን ነፋ። አዜብ ቅቤ የነካ እጇን አነሣች። እኔ ደግሞ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ እልል አልኩ። ነፋሱ እልልታዬን ወሰደው፤ ደግሜ አልኩት።

መመለሻ

ማግስቱን ዓይን ሐኪሙ ጋሽ ደምሴን መርምሮ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ እንደጋረደው ነገራቸው፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይጠራል ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በማያይ ዓይን ነበር የልጄን ቤት ሲያንቋሽሹ የኖሩት። አልነገርኳቸውም። እዚህ መጻፉ ይበቃኛል።

ሐሙስ ተመለስን። መቂ ላይ ሽንኩርቴን ገዛሁ። ጋሽ ደምሴ ጋቢና አልጠየቁም፣ ከጎኔ ተቀመጡ። መቂን ካለፍን በኋላ አላስቻላቸውም፣ ለፊተኛው ተሳፋሪ፣ «ይህን ባርኔጣ ታየዋለህ? የጅቡቲን ባቡር ያቆመ ባርኔጣ ነው» ብለው ጀመሩ። መኪናው ጆሮውን ሰጠ። ክብሩን ሊወስዱት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«አባባ፣ ባርኔጣ እንዴት ባቡር ያቆማል?» አለ ረዳቱ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። «ያቆመችውስ የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ። «ጓጉንቸር አልሰብርም አለች። የዚች ልጅ ናት።»

መስኮቱን ከፈትኩ። ላንጋኖ አሁንም እንደ ሻይ በወተት ነበር፤ ከሄድኩበት ቀን ይልቅ ግን አምሮ ታየኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። መስኮት ስለሌለው ቤት ከመናገሬ በፊት ውስጡ ማን እንዳለ እጠይቃለሁ። ልጅ አትናገርም ማለት ረሳች ማለት እንዳልሆነም አውቄያለሁ። ይቅር ብያለሁ ወይ የሚለኝ ካለ፣ እሱን ለእኔ ተዉት።

በነጋታው ገበያ ቀን ነበር። ሱቁን ልከፍት ስሄድ ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ድሮ ቢሆን በሩን ገፍተው ገብተው ጆንያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጓጉንቸሩን ፈትቼ ስገባ ደፉ ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ታደለች፣ ልግባ?» አሉኝ።

ቁልፉ በእጄ ነበር። ሚዛኑን ወለወልኩ፣ ጆንያዎቹን አስተካከልኩ፣ መጥረጊያውን ቦታው አኖርኩ።

ትንሽ አስጠበቅኳቸው።